የዳምጤ ልስን

ሕመሙን ውጦ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው፣ ወይም ሳይታረቁ ለእንግዳ ሲሉ የሚሳሳቁ ባልና ሚስት ሲያጋጥሙ፣ ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። አባባሏ ከሰማይ አልወረደችም፤ ከግንበኛው ከዳምጤ ጓዳ ነው የወጣችው።

ዳምጤ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ባለች አንዲት ከተማ ይኖር ነበር። እሱ የለሰነው ግድግዳ ፊት ያሳያል ይባልለታል። የመሬት መንቀጥቀጡ የመጣው ልጁን ዘርትሁንን ሊድር ሽር ጉድ በሚልበት ሳምንት ነው። መሬቱ ሲረጋ የጓዳው ግድግዳ ከመሠረቱ እስከ ጣራው ተሰንጥቆ አገኘው። የተጎዱ ቤቶችን የምትመረምር መሐንዲስ መምጣቷን ሲሰማ ደግሞ ጨነቀው። «ልቀቁ» ካለች ሠርጉ የት ሊሆን ነው? ልጁ ከአባቷ ቤት እንጂ ከሜዳ ትዳራለች? ስንጥቁን ለስኖ ኖራ ቀባበት። እንዲያ አሳምሮ ለስኖ አያውቅም።

በማግስቱ መሐንዲሷ ምንትዋብ መጣች።

«ግቢ ልጄ፤ መጀመሪያ እህል ቅመሺ» አላት።

«እህሉ አይሸሽም አባቴ፤ ቤቱን ልይ።»

ገልመጥ አድርጋ የምታልፍ መስሎት ነበር። እሷ ግን በሩን ከፍታ ዘግታ፣ መሠረቱን ዞራ፣ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ጓዳ ደረሰች።

«ይህን የለሰነ እጅ ይባረክ» አለች፤ ከልቧ ነበር። «መቼ ነው የለሰኑት?»

ሊዋሽ አስቦ «ትናንት» የሚለው አመለጠው።

«እንግዲያው ይችን ይዩ።» ፀጉር የምታህል መስመር ነበረች፤ የድሮውን ስንጥቅ መንገድ ይዛ ወደ ላይ ትወጣለች። «ልስኑ ሲደርቅ የተሰነጠቀ ቢሆን እንደ ሸረሪት ድር ይበታተን ነበር። ይሄ ግን ግድግዳው ራሱ ነው፤ መሰንጠቁን ገና አላቆመም።»

የገዛ ልስኑ ሲመሰክርበት ዳምጤ እንባው መጣ። «እሑድ ልጄን ልድር ነበር» አለ።

ምንትዋብ አልተቆጣችም። «ዳስ ይጣላ! እርስዎ ደህና ይሁኑ እንጂ፣ ይሄ እጅ ቤቱን መልሶ ይሠራዋል» አለችና እጅጌዋን ሰብስባ ዕቃ ማውጣት ጀመረች። የቀረበላትን እህል የበላችውም ደጅ፣ ከተከመረው ዕቃ መካከል ተቀምጣ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ትባረክ!

ዳሱ ከቤቱ ርቆ ተጣለ። እሑድ ዘርትሁን የአባቷን ጉልበት ስማ ቀና ስትል መሬቱ እንደገና ተናወጠ። የጓዳው ግድግዳ ጣራውን ይዞ ተደረመሰ። አቧራው ሲገፈፍ ሠርገኛው ሁሉ ዳሱ ውስጥ ነበር፤ አንድም ሰው አልተጫረም። ዳምጤ ልጁን አቅፎ የመሐንዲሷን ስም እየጠራ መረቀ። ጎረቤቱ ባሻ ወልደየስም ከፍርስራሹ ያን ያማረ ልስን ቁራጭ አንስተው፣ አገላብጠው አዩና እንዲህ አሉ፦ «ስንጥቅ ቢለስኑት ያድራል እንጂ አይድንም።»