ጎመኑ እንጀራ የሆነበት ትሪ

አንድ እህል ነጋዴ ነበረ። ልጄ፣ «ይኸው ሁለት ወር ሙሉ አትክልት ስበላ ከረምኩ፤ ታዲያ ለምን አልቀነስኩም?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ ነገር መልሱ ከዚያ ሰውዬ ዘንድ ስላለ፣ ቁጭ በይና ስሚኝ።

ይህ ነጋዴ ደግ ሰው ነበረ። ሆዱ ሰፊ፣ ቤቱም ለመጣ ሁሉ ክፍት ነበር። ግን ወፍራም ነበረ። እንዲያው ወፍራም ብቻ አይደለም፤ መጋዘኑ ውስጥ ካለው የእህል ሚዛን ላይ ሲወጣ ከአንድ ኩንታል ጤፍ በአሥራ አምስት ኪሎ ይበልጥ ነበር። ተሸካሚዎቹ «ጋሼ፣ እርስዎን ከመሸከም ሁለት ጆንያ ባቄላ ይሻለናል» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ሲስቅ ሆዱ ይቀድመው ነበር።

ሳቁ የቆመው ልጁ በወለደች ጊዜ ነው።

አንዲት ልጅ ብቻ ነበረችው። ባል አግብታ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳታገኝ ቆየች። አባትየው አንድ ቀን ከመጋዘኑ ደጅ ቆሞ፣ ተራራው አናት ላይ ወዳለችው ወደ ኪዳነ ምሕረት ቀና ብሎ፣ «እመቤቴ፣ የልጄን ልጅ ካሳየሽኝ፣ በገዛ እግሬ ወጥቼ፣ በገዛ እቅፌ ይዤ ለክርስትና አመጣልሻለሁ» ብሎ ተሳለ። ዓመቱ ሳይዞር ልጁ ፀነሰች። ሴት ልጅ ወለደች። መቼም ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነውና፣ ሰውየው ከፊቱ ሰማንያ ቀን ነበረው።

በአምስተኛው ቀን ራሱን ሊፈትን ወደ ተራራው ሄደ። ባዶ እጁን ነው የሄደው፤ ሕፃን አልያዘም። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ፣ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን በጀርባቸው አዝለው እየተጫወቱ አለፉት። አንዷ ዞር ብላ፣ «ጌታው፣ ተራራው ወርዶ እንዲወስድዎት ነው የሚጠብቁት?» አለችው። ሊስቅ ሞከረ፤ ለሳቅ የሚሆን ትንፋሽ አጣ።

የንስሐ አባቱ ዘንድ ሄደ። እሳቸውም አዘኑለትና፣ «ልጄ፣ እመቤታችን የሰው ኪሎ አትቆጥርም። አማችህ ይዟት ይውጣ፣ አንተ ከታች ሆነህ ስገድ» አሉት።

«አባ፣ አማቼ እኮ አልተሳለም» አላቸው። እሳቸውም መስቀል አሳልመው አሰናበቱት።

ቀጥሎ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፣ እግሩን ነካካና፣ «በየቀኑ ቀስ እያልህ መራመድ ልመድ፤ የምትበላውን እህል ቀነስ አድርግና በእሱ ምትክ አትክልት አብዛ» አለው። ነጋዴው ከዚህ ሁሉ የያዘው «አብዛ» የምትለዋን ነው። ማብዛት ደግሞ ያውቅበታል።

ከወንዙ ዳር አንዲት ባልቴት ነበረች። በቦይ ውኃ እያጠጣች ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ዱባ አልምታ ገበያ ታወጣለች። ነጋዴው ከእሷ በየቀኑ በእቅፍ በእቅፍ ይገዛ ጀመር። ሚስቱ ደብሪቱም ባሏን የምትወድ ሴት ናትና ጠዋት ተነሥታ ትከትፋለች፣ ታቁላላለች፣ ምሳ ሲደርስ ትሪው ላይ እንጀራውን አንጥፋ ጎመኑን ከመሐል ትቆልልለታለች። ሰውየው እጁን ታጥቦ ይቀርባል። ስጋ የለም፣ ቅቤ የለም። «ለእመቤቴ ስል» ይልና ይጀምራል።

እንግዲህ አበላላችንን ታውቂያለሽ። ጎመኑ የሚነሣው በእንጀራ ነው። ጎመኑ በዝቶ እንጀራው ሲያልቅ፣ ደብሪቱ «አይደፋም፣ ነውር ነው» ትልና እንጀራ ትጨምራለች። እንጀራው ተርፎ ጎመኑ ሲያልቅ፣ «ባዶ እንጀራ እንዴት ትበላለህ?» ትልና ጎመን ትጨምራለች። እንዲህ ሲከታተሉ፣ አንዱ ሌላውን ሲጠራ፣ ሰውየው ከማዕዱ የሚነሣው ሁለቱም እኩል ሲያልቁ ነው። ያ ደግሞ በሦስተኛው እንጀራ ላይ ነበር። ድሮ በስጋ ወጥ ሁለት ይበቃው ነበር እኮ!

በሃያ አምስተኛው ቀን ሚዛኑ ላይ ወጣ። አንድ ኩንታል ከአሥራ ስምንት ኪሎ።

ተሸካሚዎቹ ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱና ፊቱን ሲያዩ መልሰው ዘጉት። ሰውየው ከሚዛኑ ወረደና ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ሃያ አምስት ቀን ሄዷል። ስጋ ትቷል፣ ቅቤ ትቷል፣ የወዳጆቹን ግብዣ ትቷል፤ ተራራው ግን በሦስት ኪሎ ራቀው። የልጅ ልጁ በሌላ ሰው እቅፍ ስትወጣ፣ እሱ ከታች ቆሞ ሲያይ ታየው። ያን ጊዜ ልቡ ተቃጠለና ቀጥ ብሎ ወደ ገበያ ወረደ።

«እማማ!» አለ ባልቴቷ ፊት ቆሞ፣ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ያንቺ ጎመን ያወፍራል!»

ገበያተኛው ዞር አለ። ቆስጣ ልትገዛ ያነሣች አንዲት ሴት መልሳ አስቀመጠች።

ባልቴቷ አልተቆጣችም። እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበችና ክንዷን አሳየችው፤ እንደ ወይራ ሽመል ቀጭንና ጠንካራ ክንድ ነው። «የኔ ጌታ፣ እኔ ይህን ጎመን ስበላ ስልሳ ዓመቴ። ታዲያ የኔው ውፍረት የት ሄደ? አንተ ቤት መጥቶ ይሆን?» አለች። ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ነጋዴውም ሳይወድ ከንፈሩ ፈታ አለ። «ይልቅ ዛሬ ምሳ ጋብዘኝ። ጎመኔ ቤትህ ገብቶ ምን እንደሚሠራ በዓይኔ ልየው።»

አብረው ሄዱ፤ በመንገድ ላይም ስለቱንና የክርስትናውን ቀን ነገራት። ደብሪቱ እንግዳ መጣ ብላ ደስ አላት፤ ትሪውን ዘረጋች። አራት እንጀራ አነጠፈች፤ በጎን ደግሞ ጥቅሉን ደረደረች። ጎመኑን ቆለለችው። ባልቴቷ ከጸሎት በኋላ አንዲት ጉርሻ ጎረሰችና እጇን ሰበሰበች። ሰውየው ሲበላ ታየዋለች። እንጀራ ቆረሰ፣ ጎመን ጠቀለለ፣ ጎረሰ። ቆረሰ፣ ጠቀለለ፣ ጎረሰ። ደብሪቱ እንጀራ ጨመረች። ከዚያ ጎመን ጨመረች።

«የኔ ጌታ» አለች ባልቴቷ፣ «ይህን ሁሉ እንጀራ ማን አዘዘልህ?»

«እንዴ! ጎመኑን በምን ላንሣው ታዲያ?»

«አሃ!» አለች ባልቴቷ። ጉልበቷን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ! ጎመን ሸጬልህ አበላሉን ሳልነግርህ! ደብሪቱ፣ እስቲ ባዶ ትሪ አምጪልኝ። ማንኪያም።»

ባዶው ትሪ መጣ። ባልቴቷ እጅጌዋን ሰብስባ ጎመኑን ከዳር እስከ ዳር አነጠፈችው፤ ልክ ሴት እንጀራ እንደምታነጥፍ፣ ባዶ ቦታ ሳታስቀር። በላዩ ላይ የተቀቀለውን ካሮትና ቀይ ሥር በተነች። ከዚያ አንዲቱን እንጀራ አራት ቦታ ቆርጣ፣ ሩቡን ብቻ አነሣችና ከመሐል ጠብ አደረገቻት፤ ልክ ወጥ እንደሚወጣ። ጎመኑ እንጀራ ሆነ፣ እንጀራው ወጥ ሆነ ማለት ነው።

ደብሪቱ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ! ሰው ቢያየንስ? የእህል ነጋዴ ቤት እንጀራ አለቀ ሊሉን ነው እኮ!»

«እኔ በሬ ነኝ እንዴ፣ ጎመን በማንኪያ?» አለ ሰውየው ደግሞ። ፊቱ ቀልቷል። ጤፍ በመጋዘን ሞልቶት፣ ሰው ሁሉ የሚቀናበት እንጀራ ቤቱ እየተጋገረ፣ በማንኪያ ጎመን መልቀም እንደ ድህነት ታየው። ማንኪያውን አላነሣም። ባልቴቷ አልለመነችውም፤ አልተከራከረችውምም። «ስንት ቀን ቀረህ?» ብቻ አለችው።

«ሃምሳ አምስት» አለ።

«እሷስ ስትሸከማት ስንት ኪሎ ትሆናለች?»

እቅፉን አየ። ያን ጊዜ ማንኪያውን አነሣ።

በላ። ጎመኑን በላ፣ ካሮቱን በላ፣ ሩቧን እንጀራ ቆንጠር ቆንጠር እያደረገ ዳር ዳሩን አጣጣማት። ትሪው ገና ሳያልቅ ጀርባውን ደገፍ አደረገ። ራሱ ገረመው። «ደብሪቱ» አለ በቀስታ፣ «ጠገብኩ መሰለኝ።» ሚስቱ ሁለት እንጀራ ሳይበላ ጠገብኩ ሲል ሰምታው አታውቅም ነበርና እልል አለች።

ሰውየው ነገሩ ሲገባው እንደ ልማዱ ሊያበዛው ፈለገ። «እንግዲያማ እንጀራውንም እተወዋለሁ፤ ጎመኑንም በግማሽ እቀንሳለሁ! ጦሜን አድራለሁ!» አለ።

«ተው የኔ ጌታ» አለችው ባልቴቷ። «የተራበ ሰው ሦስት ቀን ይጨክናል፤ በአራተኛው ቀን ድስቱን ይዞ ይቀመጣል። ትሪህ ይሙላ። ጥገብ። የምትሞላበትን ነገር ብቻ ለውጥ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲሁ ሆነ። ደብሪቱም ዘይቱን በማንኪያ ለክታ መጨመር ጀመረች። ወዳጆቹ ሊጠይቁት ሲመጡና እንደ ወጉ ሊያጎርሱት እንጀራ ሲጠቀልሉ፣ እሱ ቀድሞ ማንኪያውን ጎመን ሞልቶ አፋቸው ላይ ይደርስ ነበር። «በሞቴ!» ይላል። በሞቴ ሲባል እምቢ የሚል አለ? አንዱ ወዳጁ እያላመጠ፣ «በአንተ ስለት እኛንም ፍየል አደረግኸን» አለው፤ ግን ሁለተኛ ማንኪያ ጠየቀ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሰውየው ወደ ተራራው ይራመዳል። መጀመሪያ እስከ መታጠፊያው፣ ከዚያ እስከ ምንጩ፣ ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ። አንዳንድ ሳምንት ሚዛኑ ንቅንቅ አይልም፤ አንዳንዴ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ኪሎ ይጥላል። እሱም ተስፋ ሲቆርጥና ሲጽናና ቀኑ ደረሰ።

በሰባ ዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለነገው ክርስትና እዚያው አድረው ሊጠብቁ ተነሡ። ሰውየው አልከሳም። ማንም ቢያየው ወፍራም ሰው ነው የሚለው። ሚዛኑ አንድ ኩንታል ከስምንት ኪሎ ነበር ያለው። ግን አሥር ኪሎ ጥሏል፤ የልጅ ልጁ ደግሞ አምስት ኪሎ አልሞላችም። በጋቢው አቅፏት ወጣ። አማቹ እጆቹን ዘርግቶ ከኋላ ከኋላ ይከተለዋል። «አባባ፣ ትንሽ ልያዝልዎት?»

«ገለል በል አንተ! አልተሳልክ!»

ባልቴቷ ምርኩዟን ይዛ ከፊት ትሄዳለች። እሱ ለማረፍ በቆመ ቁጥር ዞር ትልና፣ «የኔ ጌታ፣ ፈጠን በል እንጂ፤ ልጅቱ ሳትዳር እንድረስ!» ትለዋለች። ሰውየው ይስቃል። አሁን ለሳቁም ትንፋሽ ተርፎታል። ዘጠኝ ጊዜ አረፈ። ዘጠኝ ጊዜ ተነሣ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የቤተ ክርስቲያኗን ደጅ ሳመ፤ ሕፃኒቱ በእቅፉ እንደተኛች ነበረች። ሚስቱና ልጁ እልልታውን አቀለጡት። እሱ ግን እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ፣ ሕፃኒቱን ከፍ አድርጎ ለኪዳነ ምሕረት አሳያት።

አየሽ ልጄ፣ አንቺም እንደዚያ ሰው ነሽ። እህል ነጋዴው ጎመን አልጠላም፤ አልሰነፈምም። ካንቺ የባሰ በልቷል። ጥፋቱ ጎመኑን እንደ እንግዳ መቀበሉ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይከበራል፣ ቦታ ይሰጠዋል፤ የቤቱ ሰው ግን ስለ እንግዳው ብሎ ከቤቱ አይወጣም፤ እንዲያውም ለእንግዳው ሲባል ድግሱ ይበዛል። አንቺም ሰላጣውን ከፓስታው ጎን አስቀመጥሽው፤ ቆስጣውን በሁለት እንጀራ ጠቀለልሽው፤ ካሮቱንም ከዳቦው በኋላ አላመጥሽው። ሁሉም ገባ እንጂ የወጣ የለም። ታዲያ ሰውነትሽ የቱን ይጣል?

አትራቢ፤ አልልሽም እንደዚያ። እግዜር ምድሪቱን እንዲህ አረንጓዴ አድርጎ ያለበሳት ሰው እንዲራብ አይደለም። ብዙ ብዪ፣ ጠግበሽ ተነሺ። ግን አትክልቱን የቤቱ ባለቤት አድርጊው፤ እንጀራው ነው እንግዳ መሆን ያለበት። ሚዛኑ አንዳንድ ሳምንት እምቢ ቢልሽ አትዘኚ፤ ዝም ብለሽ ተራራሽን ውጪ፣ አርፈሽ ተነሺ።

በይ አሁን ምሳ ደርሷል። እኔ አልነካውም፤ ትሪውን ዛሬ አንቺ አንጥፊው።