የጩፋሞ ዳጣ

ጎረቤት ከጎረቤት አጣልቶ ሲያበቃ "አይዞሽ" ለማለት ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ ሰው የትም አይጠፋም። ሶዶ ግድም ባለች አንዲት መንደር እንዲህ ያለውን ሰው አፉን የሚያስይዙበት አባባል አላቸው። አባባሉን ያመጣው ግን ተንኮለኛ አልነበረም፤ ልጁን አብዝቶ የሚወድ አባት ነበር እንጂ።

ጩፋሞ የሚባል ገበሬ ብርቅነሽ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። የጓሮውን ቲማቲም በእንጨት የምትደግፍ፣ ቃሪያውን የምትኮተኩት፣ እሱንም ሲያጠፋ የምትቆጣ እሷ ነበረች። ማቴዎስ የተባለ ጎረምሳ ሽማግሌ ሊልክባት መሆኑን የሰማ ዕለት ጩፋሞ እህል አስጠላው። እምቢ እንዳይል ልጁ ጨዋ ነው፤ እሺ እንዳይል ሆዱ አልችል አለ።

"ከሽማግሌዎቹ ጋር ራሱም ይምጣ" ብሎ ላከ በመጨረሻ። "እኔ የፈጨሁትን ዳጣ በሥጋ ይብላ። ዓይኑ እንባ ካቀረረ ግን ልጅ የለኝም!"

ሚስቱ አልታዬ ሳቀች። "አንተ ሰውዬ፣ ዳጣ ፈጭተህ ታውቃለህ?"

"ድንጋይ ከድንጋይ ማፋተግ አይደል? ምን ዕውቀት አለው?"

"በል እሺ፣ መጀመሪያ እጅህን ቅቤ ተቀባ። ቃሪያ ያለ ቅቤ አይነካም።"

"ሙሽራው እኔ ነኝ እንዴ?"

በቀጠሮው ቀን ወፍጮው ሥር ተንበረከከ። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውን አድቅቆ፣ ቃሪያውን ከነፍሬው በባዶ እጁ እያፈሰ ይፈጨው ጀመር። ብርቅነሽ የለቀመችውን ቲማቲም ይዛ መጣች።

"አባባ፣ ይኼን ጨምርበት፤ ያለዝበዋል።"

"ቲማቲም የሕፃን ነው።"

"ልትገድለው ነው?"

"ወንድ ከሆነ አይሞትም።"

ብርቅነሽ ገባት፤ አባቷ የሚፈጨው ለእንግዳ ሳይሆን በእንግዳ ላይ ነው። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጩፋሞ ደግሞ የልጁን እንባ አይችልም። መጁን ጥሎ ተነሣና "አይዞሽ የኔ እናት!" እያለ በሁለት እጁ ዓይኖቿን ጠረገላት።

ጩኸቷ መንደሩን አናወጠው። ደጅ የደረሱት ሽማግሌዎች እየተጋፉ ገቡ። አዛውንቱ ጋሽ ኦይቻ ከዘራቸውን አነሡ።

"ማነው ልጅቷን የመታት?"

"ማንም አልመታኝም! አባባ እያባበለኝ ነው!"

ጩፋሞ በድንጋጤ የግንባሩን ላብ በእጁ ጠረገ፤ ወዲያው እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይዘል ጀመር። አልታዬ በሳቅ እየፈረሰች ለሁለቱም ዓይናቸው ላይ ወተት ታፈስላቸው ገባች።

"ልጄ፣" አሉ ጋሽ ኦይቻ፣ "ጋብቻውን ጠልተሽ ይሆን የምታለቅሺው?"

"ዓይኔ ነው የጠፋ! ማቴዎስንማ እፈልገዋለሁ!"

ሽማግሌው ወደ አባትየው ዞሩ። "ጩፋሞ፣ ያለቀሰ ይሸነፋል ብለህ የላክህብን አንተ ነህ። እስቲ ከዚህ ቤት ዓይኑ የደረቀው ማነው?"

ማቴዎስ በሩ ሥር ሳቁን በጋቢው አፍኖ ቆሟል።

"በቃ፣ ይውሰዳት!" አለ ጩፋሞ አፍንጫውን እየሳበ። "ቲማቲሙንም ጨምሩበት፣ ሰው ይብላበት።"

ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ብርቅነሽ አሁን ደግሞ ከደስታዋ ብዛት ታለቅስ ጀመር። ጩፋሞ እጆቹን ዘርግቶ ወደ እሷ ሲንደረደር፣ ጋሽ ኦይቻ ክንዱን ለቀም አድርገው "ተው አንተ ሰው፣ ቃሪያ የፈጨ እጅ እንባ አይጠርግም!" አሉት።