የጠቆረው ተምች

በአንድ ወቅት፣ ዝንጀሮ ገደል በምትባል የበቆሎ አገር፣ አንድ እናት የወለደቻቸው ሦስት ቁጡ እህትና ወንድማማቾች ነበሩ።

ታላቁ ይስማው ገበሬ ነው። ተምች አገሩን ሲወር ጎረቤቱ ሁሉ መርዝ ረጨ። ንቡ አለቀ፤ ተምቹ ግን መርዙን ለመደውና ባሰበት። ይስማው ብቻ መሬቴን መርዝ አላጠጣም ብሎ እንቢ አለ። የተምች መፈልፈያ አደረግኸን ብለው ከዕድር አስወጡት። ልጁ ታሞ ሲተኛ እንኳ ደጁን የረገጠ አልነበረም። እሱም ቂሙን ውጦ ማረሱን ቀጠለ።

እህታቸው አትጠገብ፣ ከተማ ባለ አንድ የምርምር ጣቢያ ውስጥ ትሠራለች። የታመመውን ልጅ ልትጠይቅ መጥታ በይስማው ማሳ ጥግ ጠቁረው፣ ልፍስፍስ ብለው የተንጠለጠሉ ተምቾች አየች። ከሥራቸው አፈር ዘግና ሄደች። ብዙ ከደከመች በኋላ በአፈሩ ውስጥ አንድ ባክቴሪያ አገኘች፤ ተምች ሆድ ሲገባ የሚገድል ነው። ለይታ አራባችው። ሰውንና ንብን እንደማይጎዳ እስክታረጋግጥ ግን ጠብታ እንዳይወጣ ከለከለች።

በዚያው ዓመት ተምቹ ተመለሰ። ትንሹ ወንድማቸው ዳምጤ እየሮጠ መጥቶ ለመናት። አንድ መኸር ታገሡ አለችው። የሚበላው የሌለው ሰው መኸር አይጠብቅም ብሎ ተቆጥቶ ወጣ። ከዚያም ምሳ ስትሄድ ጠብቆ የጣቢያውን ቁልፍ ሰበረና ባክቴሪያው ያለባቸውን ጀሪካኖች ጭኖ ነጎደ። እህቴ ናት የላከችው ብሎ ዋሸና ከሰዉ ጋር በየበቆሎው ልብ ረጨ። ተምቹ መብላቱን ተወ፤ ጠቆረ፤ ረገፈ። አገሩ እሸት በላ። አትጠገብ ግን ንብረት አስዘረፈች ተብላ ከሥራ ተባረረች።

ወራሽ ሳይኖራት የሞተች አንዲት ሴት የተወችው መሬት ምንጩ አጠገብ ነበር። ሽማግሌዎቹ ላዳነን ሰው ይሰጥ ብለው ሸንጎ ተቀመጡ። ሦስቱም ፊታቸውን አጥቁረው መጡ።

ይስማው ተነሣ። «እንዳላችሁኝ መርዝ ብረጭ ኖሮ ከዚያ አፈር ምን ይገኝ ነበር? ልጄን ሳትጠይቁ የቀራችሁ ሰዎች፣ ዛሬ በእኔ መሬት ዳናችሁ» አለ። የዕድሩ ሰዎች አቀረቀሩ።

አትጠገብ ዳምጤን ላለማየት ፊቷን አዞረች። «አያ ይስማው፣ አፈሩማ ድሮም ነበር፤ አንተም በላዩ ስትመላለስ ኖረሃል። ያወጣሁት እኔ፣ የሰረቀኝ የእናቴ ልጅ። ልጆቻችሁን መርዞ ቢሆን ኖሮ ማንን ትከሱ ነበር?» አለች።

«አልመረዘም» አለ ዳምጤ። «ቁልፉን ባልሰብር ይህ ሸንጎ በስደት ላይ ነበር። አንቺ ግን የፈራሽው ለእኛ ነው ወይስ ለእንጀራሽ?»

አትጠገብ ተነሥታ ሄደች። ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ፣ ተሰዳደቡ፣ ተኳርፈውም ተለያዩ። መሬቱ እስከ ዛሬ ጦሙን ያድራል።

እንግዲህ እናንተ ከሽማግሌዎቹ መካከል ብትሆኑ፣ አፈሩን ለጠበቀው፣ ለደከመችው ወይስ ለሰረቀው፣ ለማን ትፈርዳላችሁ?