የስምንት ሰዓት ቀጠሮ

ምላሷ ከመቀሷ የተሳለ አንዲት ልብስ ሰፊ መጽሐፍ ጻፈች። የሚያሳትምላት ብታጣ በራሷ አሳተመችው። የምረቃው ዕለት የመጽሐፉን ካርቶን እንደ ልጅ አዝላ፣ ከቤቷ እስከ ከተማው አዳራሽ በእግሯ ኳትና፣ ልክ በቀጠሮው በስምንት ሰዓት ከተፍ አለች። ታዳሚውም ሞላ። የጠፉት የክብር እንግዳው ብቻ ነበሩ፤ የትምህርት ኃላፊው። መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤቶች የሚገባው እሳቸው ሲፈርሙ ነውና ያለ እሳቸው መጀመር አልተቻለም።

አስር ሰዓት ላይ ኃላፊው ከመኪናቸው ወረዱ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ፣ በቀጥታ መድረክ ላይ ወጥተው መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«ማን አሳተመው?»

«እኔው ነኝ።»

«ማንስ አረመው?»

«እኔው።»

ሰውዬው ወደ ታዳሚው ዞረው ሳቅ አሉ። «ይታያችሁ እንግዲህ! ራሷ ጽፋ፣ ራሷ አርማ፣ ራሷ አሳትማ ደራሲ ነኝ ትላለች። በይ እስቲ፣ አንቺን ደራሲ ያለሽ ማን ነው? የሚያሳምን መልስ ከሌለሽ ፊርማዬን አታገኚም!»

እሷ ግን ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየችና እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ የተቀጠርነው ለስምንት ሰዓት ነበር። እርስዎ በመኪና ሆነው በአስር ሰዓት መጡ። እኔ ካርቶኔን አዝዬ፣ በእግሬ፣ በሰዓቱ ደረስኩ። ታዲያ ደራሲ እኔ ካልተባልኩ እርስዎ ሊባሉ ነው?»