የዝሆን ምንጭና የፍየሏ እግር

ተረት ተረት ስላችሁ የበረቱን በር ወለል አድርጉልኝ።

ዝሆን ምንጭ ቆፍሮ አወጣና ኤሊንና ዝንጀሮን ጠራ። “በመንገዱ ዳር በየዛፋችሁ ጥላ ሥር ሆናችሁ ስለ ምንጬ ለመንገደኛ አውሩልኝ። ቆሞ የሚሰማችሁን እንግዳ ኮቴ አቧራው ላይ ቆጥሬ በልኩ ፍሬ እከፍላችኋለሁ። የሐሰት ኮቴ ግን ክልክል ነው” አላቸው።

ዝንጀሮ ሆዬ፣ የሞተች ፍየል እግር አግኝቶ በየማለዳው ከጥላው ሥር አቧራው ላይ ያትምበት ጀመር! ኤሊ አየችው። እርግብም አየችና፣ “ኧረ እትዬ ኤሊ፣ ለዝሆን ይንገሩት እንጂ!” አለቻት።

“እኔን ምን ጥልቅ አደረገኝ? ነገር አመላላሽ ልባል?” አለችና ኤሊ አንገቷን ሰበሰበች።

በጋው ሲያልቅ ዝሆን እየጮኸ መጣ። “ኮቴው እንደ አሸዋ በዝቷል፤ ምንጬ ዘንድ የመጡት ግን ጥቂት ናቸው! ከእንግዲህ ለማንም አልከፍልም!”

ኤሊ በድንጋጤ አንገቷን አስግጋ ብቅ አለች። “ጌታዬ፣ የእኔ እውነተኛ ነው! ሐሰተኛው ዝንጀሮ ነው! በፍየል እግር ሲያትም በጋውን ሙሉ በዓይኔ ሳየው ከረምኩ!”

ዝሆን ክው አለ። “በጋውን ሙሉ እያየሽ?”

ኩምቢውን ዘርግቶ እስከዚያ ለዝንጀሮ የከፈለውን ፍሬ መልሶ ወሰደ። ከዚያ ዞሮ የኤሊንም ወሰደ።

ተረቴን መልሱ፤ እኔ ግን የኤሊ ነገር ያሳደረብኝ ድንጋጤ አልለቀቀኝምና ዳቦው ይቅርብኝ።