የክርስትና እናቷ ጋቢ

አንዲት የነጋዴ ሚስት አንዲትን ጥጥ ፈታይ በልጅ ክርስትና ቀን ከቤተ ክርስቲያን በር መለሰቻት። የፈታይዋ ጥፋት በነጠላ ፈንታ የባሏን ጋቢ ለብሳ መምጣቷ ነው።

ነገሩ የድሮ ነው። ያኔ ጫማ ከደጅ ይቀራል፤ ነጠላም በመስቀለኛ ተጣፍቶ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከራስ አይወርድም። ዛሬማ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ፎቶ እስኪነሳ ነው፤ እሱን ተዉት። እናቶቻችን ያቺኑ አንዷን ነጠላ ዓርብ አጥበው ለእሁድ ያደርሷታል። ያጣች ከጎረቤቷ ትዋሳለች፤ ያዋሰችም ለማንም አታወራም።

የነጋዴው ሚስት ወይዘሮ ደብሪቱ በሴቶች በር ቆማ የሚገባውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ታያለች። ማን ሾማት? ማንም።

«አንቺ እማዋይሽ፣ ከአውድማ ነው የመጣሽው?» አለቻት ፈታይዋን።

«የክርስትና እናት ነኝ፣ እመቤቴ። ያሳልፉኝ፣ ሊጀመር ነው።»

«በወንድ ጋቢ? ነጠላሽን አይጥ በላው?»

እማዋይሽ ጋቢውን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች።

«ቀይረሽ ነይ። ካልሆነ ለልጅቷ ሌላ የክርስትና እናት ይፈለግላታል።»

እማዋይሽ ምኑን ትቀይር? ያለቻት አንድ ነጠላ ቀድማ ገብታለች። የሰማንያ ቀኗ ሕፃን እናት እንጨት ለቅማ የምታድር ድሃ ናት፤ ቀሚሷ ከትከሻው የተቀደደ ስለሆነ እማዋይሽ ጎህ ሲቀድ ነጠላዋን አልብሳታለች። ይህን ብትናገር ጓደኛዋ ልትዋረድ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ልጅቷን ሌላ ሰው ሊያነሳት ነው። ዝምታውን መረጠችና ግድግዳው ሥር ሄዳ ቆመች።

ከውስጥ ቄሱ «የክርስትና እናቷ የታለች?» ብለው ጠየቁ። እናትየው ልጇን እንዳቀፈች ልትፈልጋት ወጣች። ጓደኛዋን ጋቢ ተከናንባ ግድግዳው ሥር ስታያት ነገሩ ገባት።

«የእሷን ነጠላ የለበስኩት እኔ ነኝ» አለችና በአንድ እጇ ትፈታው ጀመር። የተቀደደው ትከሻ ታየ። በሩ ላይ የነበሩት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ደነገጠች። የራሷን ነጠላ ከላይዋ ገፍፋ፣ ክንዷ እርቃኑን ቀርቶ፣ ለእማዋይሽ ዘረጋችላት። «እንኪ፣ ይኼን ልበሺ።»

እኔ ነጭ ለብሶ ተሸፍኖ መሳለምን እወዳለሁ፤ ልጆቼንም የተቆጣሁበት ጊዜ አለ። ግን በእግዚአብሔር ቤት ልብስ የሚከበረው የሰው ገበና ሲሸፍን ነው። የሌላውን ገበና እየገለጡ ራስን መከናነብ አክብሮት አይባልም። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ በሩ ላይ የቆምነው ልናስገባ ነው ልንመልስ?

እማዋይሽ የጓደኛዋን ነጠላ መልሳ አጣፋችላት፤ ልጅቷንም ተቀበለቻት። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ዞራ እንዲህ አለቻት፦

«ይልበሱት፣ እመቤቴ። በእኔ ምክንያት ዛሬ ማንም አይራቆትም። መንገዱን ብቻ ይልቀቁልኝ።»