ባያብል ያልዘፈነበት ቀን

ተረት ልንገራችሁ? «ንገረን» በሉኛ! ያላለ ጆሮውን ይዞ ይተኛ።

ድሮ ድሮ ባያብል የሚባል ደሀ ገበሬ ነበር። ያለው ሁለት ያረጁ በሬዎች፣ እናኑ የምትባል ሚስት፣ አራት ልጆችና አንድ ጥሩ ጉሮሮ ነው። ሲያርስ ይዘፍናል፣ ሲያርም ይዘፍናል፣ አውድማ ላይ ጤፉን በበሬ ሲያስረግጥም ይዘፍናል።

«ዙርልኝ ቦራ፣ ዙርልኝ ዳልቻ፣
ልጆቼ ይብሉ ወይ ጥሬ ብቻ!»

በሬዎቹ ዜማውን ከሰሙ ጅራፍ አያሻቸውም። ይዞራሉ፣ ይዞራሉ።

ጎረቤቱ አያ ምንይችል ሀብታም ነው። ሀብታም ብቻ? ምቀኛ! የሰው ደስታ ያመዋል። በረቱ ሙሉ ሰንጋ ነው፤ ሰንጋዎቹ ግን አውድማ መሀል ተኝተው ያመሰኳሉ። የባያብልን በሬዎች ባየ ቁጥር ቅናት አንጀቱን ይበላዋል፤ እህል አልወርድ ይለዋል።

«ነገሩ ከበሬዎቹ ነው» አለ። «ባያብል፣ ሁለት ሰንጋ ውሰድና እነዚያን ሽማግሌዎች ስጠኝ።»

ይህን ማን እንቢ ይላል? ተለዋወጡ። ባያብል ለሰንጋዎቹ ዘፈነላቸው፤ በሦስተኛው ቀን ለመዱት። ቦራና ዳልቻ ግን ምንይችል ጅራፉን ሲያጮኽባቸው እግራቸውን አጥፈው ተኙ።

«እንግዲያው ነገሩ ከመንሹ ነው» አለ። አዲስ መንሽ ሰጥቶ አሮጌውን ወሰደ። ለበሬ መንሽ ምኑ ነው? ቅናት ያሳበደው ሰው ይህን አያስብም።

«አሃ! ነገሩ ከዘፈኑ ነው!» አለ በመጨረሻ። ታዲያ እሱም ይዝፈና ትላላችሁ። ኤዲያ! «እኔ እንደ አዝማሪ?» አለና የመንደሩ ጭቃ ሹም ዘንድ ሮጠ።

«ጌታዬ፣ ባያብል በዘፈን በሬዎቼን አፈዘዘብኝ!»

ጭቃ ሹሙ የምንይችልን ጠጅ ብዙ ጊዜ ጠጥቷል። «ባያብል ከዛሬ ጀምሮ አፉን ይዝጋ፤ ከዘፈነ ጤፉ ይወረስ» ብሎ ፈረደ።

በማግስቱ ያለወቅቱ ሰማዩ ጠቆረ። የባያብል ጤፍ ገና አልተረገጠም፤ ዝናብ ካገኘው የልጆቹ የዓመት ቀለብ አለቀ። ሰንጋዎቹ ዘፈን ቢጠብቁ የለም፤ ቆሙ። ባያብል አለቀሰ።

እናኑ መቀነቷን ጠበቅ አደረገች። «የተፈረደው ባንተ ላይ ነው። የኔን አፍ ማን ዘጋው?» አለችና ዘፈኑን ለቀቀችው።

«ዙርልኝ ቦራ፣ ዙርልኝ ዳልቻ፣
ልጆቼ ይብሉ ወይ ጥሬ ብቻ!»

ሰንጋዎቹ መዞር ጀመሩ። ከአጥሩ ወዲያም ቦራና ዳልቻ ስማቸውን ሰሙ። ምንይችል «ሃይ! ተመለሱ!» ቢል ማን ሰምቶት! አጥሩን ጥሰው መጡና ከሰንጋዎቹ ጋር ዞሩ። በአራት በሬ ጤፉ ተረግጦ፣ ተመንሽቶ፣ ጎተራ ገባ።

ምንይችል ጨነቀው። የራሱ ጤፍ ሜዳ ላይ ነው። የቀሩት ሰንጋዎቹ መሀል ቆሞ አፉን ከፈተ።

«ዙ... ዙርልኝ...»

ቀጣዩ ጠፋው። ዓመት ሙሉ ዘፈኑን እየሰማ ሲቃጠል ከረመ እንጂ አንዲት ስንኝ አልያዘም። ዝናቡ ወረደ፤ ጤፉን ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው።

በማግስቱ ከባያብል ደጅ ቆመ፤ እህል ልመና። ባያብል አንድ ቁና ጤፍ ሰፈረለት። እናኑ ግን «ስትሸከመው እየዘፈንክ ሂድ፤ ይቀልሃል» አለችው።

ልጆቼ፣ ጉድጓድ ስትቆፍሩ አታርቁት፤ የሚገባበት አይታወቅምና። እኔ ተረቴን ጎተራ ከተትኩ፤ እናንተ ደግሞ ነገ አፋችሁን ዘግታችሁ ስትሠሩ እንዳላያችሁ!